ላልሞተ ፈረስ ለቅሶ

ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ ውሻ ነከሰኝ። የሥራ ዘመኔን በሙሉ ውሻ ስወጋ፣ አፉን ፈልቅቄ ጥርሱን ሳይ፣ ጆሮው ውስጥ መድኃኒት ስጨምር ኖሬ አንድም ቀን ደሜ ፈስሶ አያውቅም። ጋወኑን ባወለቅሁ በሳምንቱ ግን የጎረቤቴ ውሻ ማክስ፣ ዳቦ ገዝቼ ስመለስ ባቴን ያዘኝ። ጎረቤቴ ደንግጣ፣ "እትዬ አስቴር፣ ክትባቱን እኮ ጨርሷል" አለችኝ።

"አውቃለሁ፤ የወጋሁት እኔ ነኝ። ቂሙን ይዞ ጋወኑን እስካወልቅ ይጠብቅ ነበር" አልኳት።

ቁስሉን በሳሙናና በውኃ ደህና አድርጌ አጥቤ፣ ለሰው ሁሉ የምመክረውን ራሴም ፈጽሜ ጤና ጣቢያ ታይቼ ተመለስኩ። እግሬን ዘርግቼ መዋል ግዴታ ሆነብኝና ልጆቼ "እንግዲህ የምታወሪውን ሁሉ ጻፊው" አሉኝ። ወሬዬ የሰለቻቸው ይመስለኛል። ለማንኛውም ጻፍኩት።

እኔ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበርኩ። ዶክተር አይደለሁም፤ ነርስም አይደለሁም። የአየር ጤና ጋሪ ነጂዎች ግን ነጩን ጋወን አይተው "ሲስተር" ማለት ጀመሩ። መጀመሪያ መጀመሪያ አርማቸው ነበር፤ በኋላ ሰለቸኝና ተውኩት። ዛሬም ፌርማታው ላይ አንድ ጎልማሳ "ሲስተር" ብሎ ከጮኸ ዞር እላለሁ፤ ሁልጊዜም የተጠራሁት እኔ ነኝ።

የመጀመሪያ ምድቤ አንድ ሩቅ ወረዳ ነበር። አለቃዬ ከከብቱ ይልቅ የሪፖርቱ ጤንነት የሚያሳስበው ሰው ነበር። ሁለተኛው ምድቤ ብርድ ያለበት ደጋ፣ ከሰው በግ የሚበዛበት ቦታ ነው፤ አለቃም ስላልነበረኝ በጣም ተስማማኝ። ከዚያ ወደ ኮልፌ ቀራንዮ ተዛወርኩ። እናቴ "ልጄ አዲስ አበባ ገባች" ብላ ለዘመድ ሁሉ አወራች። ልጇ የገባችው ግን ገጠር ሳለች አይታው በማታውቀው ጭቃ ውስጥ ነበር።

ክሊኒካችን ከአየር ጤና ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ከጋራዦቹ ጀርባ፣ ሁለት ክፍል ያላት የቆርቆሮ ቤት ነበረች። ግቢው ውስጥ እንስሳ የምናስገባበት የእንጨት መያዣ ቆሟል። በዚያ ጊዜ ከታክሲው መውረጃ ወደ ውስጥ ሰፈሮች የሚገባው ሰው በጋሪ ነበር የሚሄደው። ክረምት ሲሆን ታክሲ የማይደፍረውን መንገድ ፈረሶቹ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ እየገቡ ያቋርጡታል። የእኛም ደንበኞች በዋናነት እነዚህ ፈረሶች ነበሩ፤ ከእነሱ ቀጥሎ የእህል አህዮች፣ ከዚያ ውሾች። ድመት ይዞ የሚመጣ ሰው ከተገኘ ለማየት ከቢሮ እንወጣ ነበር።

ሥራ ያስተማረኝ ዶክተር ፈይሳ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቶሎ የማይስቅ ሰው ነበር። ስሙን ሳይጠይቅ እንስሳ አይነካም። ባለቤቱን ሰላም ሳይል በፊት "ስሙ ማን ነው?" ይላል፤ ስሙን ሲነግሩት ደግሞ በኦሮምኛ ለፈረሱ ጤና ይስጥልኝ ይለዋል። የልብ ማዳመጫውን ብብቱ ሥር ይዞ ያሞቀዋል። "አንቺ ቀዝቃዛ ብረት ደረትሽ ላይ ሲያርፍ ልብሽ በልኩ ይመታል?" አለኝ አንድ ቀን፤ ከዚያ ወዲህ እኔም ብብቴ ሥር አሞቃለሁ። ወደ ፈረስ የምሄደው በትከሻው በኩል፣ ቀስ ብዬ፣ እያወራሁ እንዲሆን ያስተማረኝም እሱ ነው። "ከፊት ለፊቱ እየተንደረደረ የመጣን ሁሉ ፈረስ ግብር ሰብሳቢ ነው የሚመስለው" ይል ነበር።

ዓመቱን በወር ሳይሆን በበሽታ ነበር የምንቆጥረው። ሰኔ ሲገባ የትል መድኃኒት እንሰጣለን። ሚዛን ስላልነበረን የፈረሱን ደረት በልብስ ሰፊ ሜትር ለክተን ክብደቱን እንገምታለን። ሐምሌና ነሐሴ የሰኮና ወራት ናቸው፤ እግሩን አንስተን፣ ጭቃውን በብረት ጠርገን፣ መጀመሪያ እናሸታለን፤ የበሰበሰ ሰኮና ከማየትሽ በፊት አፍንጫሽ ይነግርሻል። ጥር ላይ ከከተማው ዳርቻ ለጥምቀት ሲጋልቡ የዋሉ ፈረሶች ጡንቻቸው ተሳስሮ ይመጣሉ፤ ያጌጡበት ቀይ ክር ግንባራቸው ላይ እንዳለ፣ እንደ ሙሽራ አጊጠው እያነከሱ። መጋቢትና ሚያዝያ መኖ ይወደዳል፤ የራበው እንስሳ ፌስታል ይበላል፤ እኛም ሆድ ስንዳብስ እንውላለን። ከሁሉም የምንፈራው ግን ጥቅምትና ኅዳርን ነበር።

በእነዚህ ወራት የፈረስ የሳንባ በሽታ ይነሣል። የምታመጣው ትንኝ ነች፤ ክረምቱ ካቆረው ውኃ እየፈላች አመሻሽ ላይ ትናደፋለች። ዶክተር ፈይሳ ምልክቱን ያሳየኝ አውራ ጣቴን ይዞ ነው። ፈረስ ከዓይኑ በላይ ጎድጎድ ያለ ቦታ አለው። "እዚህ አስገቢ። ጣትሽ ከጠለቀ ተመስገን በዪ። አብጦ ሞልቶ ከመለሰሽ ግን ባለቤቱን አስቀምጪው" አለኝ። በሽታው መድኃኒት የለውም። ክትባት ግን አለው፤ የሚሰጠውም ከፋሲካ በኋላ፣ ዝናቡ ሳይገባ ነው።

ክትባቱ ደግሞ አንድ ክፉ አመል ነበረው። የተወጋ ፈረስ ሁለት ሳምንት ያህል ጋሪ መጎተት የለበትም። ይህን ስንናገር ነጂው ፈረሱን ከመያዣው አስወጥቶ ይዞ ይሄዳል። "ሲስተር፣ ፈረሴ ሥራ ሲያርፍ ልጆቼ ምግብ ይረፉ?" ይሉኛል። እኔም እቆጣለሁ፤ ቁጣዬ ግን ድስት አይጥድላቸውም። እናም በየዓመቱ ክትባቱ ይመጣል፣ ጥቂት ፈረስ ይወጋል፣ የተረፈው ይጣላል፤ ኅዳር ላይ ደግሞ ጎድጓዳው የሞላ ዓይን እናያለን።

ደቻሳ ከጋሪ ነጂዎቹ ሁሉ ፈረሱን የሚወድ ሰው ነበር። ዳማ የሚባል ቀይ ፈረስ ነበረው። ዳማ ደንበኞቹን በመልክ ያውቃል፤ አንድ እግራቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ ቤት ጋ ሲደርስ ሳይነገረው ይቆማል፤ ሽማግሌው ጋሪው ላይ ባይኖሩም ይቆማል። ተሳፋሪ ሲያጉረመርም ደቻሳ "ምን ላድርግ፣ እሱ ካለ እኮ አለ ነው" ይላል። አንድ ዓመት ሚያዝያ ላይ እንዲያስከትብ ለምነነው ነበር። ሚስቱ ብርቄ ገና ወልዳ ተኝታ ስለነበር ጋሪ የሚያቆምበት አቅም አልነበረውም፤ እኛም ከመለመን ሌላ መላ አልነበረንም።

ኅዳር ሲታጠን ምን እንደሚመስል የአዲስ አበባ ሰው ያውቀዋል። በኅዳር ሚካኤል ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ጠርጎ ከየደጁ ያቃጥላል፤ በሽታ በጭስ ይወጣል ተብሎ። የዚያን ዓመት በዚያ ጠዋት ደቻሳ ሰው ልኮብን ከዶክተር ፈይሳ ጋር እየሮጥን ስንደርስ፣ ዳማ ከእሳቱ አጠገብ፣ በጭሱ መኻል ታስሮ ቆሟል። ከሌሊት ጀምሮ ሲተነፍስ ያጓራ ነበር አሉ። ሰፈርተኛው ተሰብስቦ "ይታጠን፣ ይወጣለታል" ብሎ በደግ ልብ እርጥብ ቅጠል እየጨመረለት ነው። ነጭ አረፋ ከአፍንጫው እየወረደ ነበር።

ዶክተር ፈይሳ በዚያ ጭስ ውስጥ ገብቶ፣ እያሳለ፣ መጀመሪያ "ዳማ" ብሎ ጠራው። ከዚያ ጣቱን ከዓይኑ በላይ አሳረፈ። ጣቱ አልጠለቀም።

ፈትተን ንጹሕ አየር ወዳለበት ወሰድነው። ውኃ አቀረብንለት፣ አልጠጣም። ደቻሳ አንገቱን አቅፎ ቆመ። የሚሰጥ ነገር አልነበረንም፤ መሣሪያ የሞላው ቦርሳዬን ይዤ እንደ ለቅሶ ደራሽ እጄን አጣምሬ ከመቆም በቀር ምንም አላደረግሁም። ከቀትር በፊት ሞተ። ከሥራ ዘመኔ ሁሉ ዛሬም ደረቴን የሚያቃጥለኝ ያ ጠዋት ነው፤ ምክንያቱም የምናውቀው፣ የምንጠብቀው፣ መከላከያውም በእጃችን የነበረ ሞት ነው።

ስንመለስ ሰፈርተኛውን መስደብ ጀመርኩ። ዶክተር ፈይሳ አስቆመኝ። "ጭሱ ለጤነኛ ፈረስ ቢሆን ትንኟን ያባርርለት ነበር፤ ሐሳቡ ከነጭራሹ ስሕተት አይደለም። ከስድብሽ ይልቅ መላ አምጪ" አለኝ።

በማግስቱ ጋሪዎቹ ጠፉ። ሰው ሁሉ ከታክሲ ወርዶ በእግሩ ያዘግማል። ተራ አስከባሪው ወልዴ፣ ድምፁ ከአየር ጤና ጦር ኃይሎች የሚሰማ ጉራጌ፣ ለካ ነጂዎቹን ሁሉ ሰብስቦ ደቻሳ ቤት አስቀምጧቸዋል። ለሰው እንደሚደረገው አግዳሚ ወንበር ተዘርግቷል፣ ካርታ ይጫወታሉ። ብርቄ ሕፃኑን ታቅፋ በኀፍረት መሬት ልትገባ ደርሳለች። ጎረቤቶች ነጠላቸውን ተከናንበው እየገቡ "ማን ሞቶ ነው?" ሲሏት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።

"ለፈረስ ለቅሶ፣ ሲስተር፣ ሰው ምን ይለናል?" አለችኝ በሹክሹክታ። ግን ንፍሮውን ቀቅላ አቅርባለች።

ዶክተር ፈይሳ ገብቶ ተቀመጠ። እንደ ወጉ ደቻሳን "እግዜር ያጽናህ" አለው። ከዚያ ንፍሮ ዘግኖ እየቆረጠመ ወደ ወልዴ ዞረ።

"ሥራ ፈታችሁ ማለት ነው?"

"በእድራችን ደንብ ሦስት ቀን እንፈታለን፤ ለሐዘንተኛው ደግሞ እስኪጽናና ድረስ እህሉን እናስፈጫለን፣ ውኃውን እናመላልሳለን። ቤቱ አይጎድልም" አለ ወልዴ።

"ስለዚህ ጋሪ ቆሞም ቤት ሳይጎድል መክረም ይቻላል?"

"ለቅሶ ነዋ፣ ዶክተር።"

"እንግዲያው የምትቀመጡትን ለቅሶ ሚያዝያ ላይ፣ ፈረሱ ሳይሞት ተቀመጡ። ግማሾቻችሁ አስከትባችሁ ስታርፉ ሌሎቹ ሐዘንተኛ እንደሚረዱት ይርዷችሁ፤ ከዚያ ተለዋወጡ።"

ካርታው ቆመ። አንዱ ሳቀ፣ ሌላው ተከተለ። ወልዴ ግን አልሳቀም። "ላልሞተ ለቅሶ የት አገር ነው ያለው?" አለ።

"ዳማ ከሞተ በኋላ የተቀመጣችሁት ለደቻሳ ነው፤ ዳማን ይጠቅመው የነበረው ግን ሚያዝያ ላይ ብትቀመጡ ኖሮ ነው" አለ ዶክተር ፈይሳ።

ደቻሳ ጥግ ተቀምጦ ነበር። ቀና ብሎ "እንዲህ ብትረዱኝ ኖሮ እኔ ያኔ እቀመጥ ነበር" አለ። ከዚያ በኋላ የሳቀ ሰው አልነበረም።

ፋሲካ አልፎ ክትባቱ ሲመጣ ክሊኒኩ በር ላይ የፈረስ ሰልፍ አየሁ። ወልዴ በፌርማታው ድምፁ "የመጀመሪያ ተረኛ ሐዘንተኞች፣ በመስመር" እያለ ያሰልፋል። እኔ ስስቅ መርፌ ወደቀብኝ። የዚያን ዕለት የደስታዬን ልክ መናገር አልችልም፤ ስንት ዓመት የለመንኳቸው ሰዎች እየተጋፉ "እኔ ልቅደም" ይሉኛል።

ደቻሳ መጨረሻ ላይ መጣ። ሆለታ በኩል ያለ ወንድሙ አንድ ወጣት ጥቁር ፈረስ ሰጥቶት ነበር። ዶክተር ፈይሳ መርፌውን ይዞ ቀረበ።

"ስሙ ማን ነው?"

"ፈረስ ነው" አለ ደቻሳ።

"እሱንማ አየሁት። ስሙን ነው የጠየቅሁህ።"

"ስም የለውም። ስም ያለው ሲሞት ነው የሚከብደው።"

ዶክተር ፈይሳ መርፌውን ክዳኑን ከድኖ እጁን አጣመረ። እኔ ተቁነጠነጥኩ። ክትባቱ አንዴ ከተበጠበጠ አይቆይም፤ የክትባቱ ሣጥን በረዶም ውኃ መሆን ጀምሯል። "ዶክተር፣ እየሞቀ ነው እኮ" አልኩ። አልሰማኝም። ደቻሳም መሬት መሬት ያያል። ሁለት ግትር ወንዶችና አንድ ፈረስ ፊት ለፊት ቆመው ቀሩ።

በመጨረሻ ብርቄ ሕፃኑን እንዳዘለች ከበሩ በኩል፣ "እንዴ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ አለው አይደል፤ ቦራ በለውና ይወጋልህ። ንፍሮዬን እሳት ላይ ጥጄ ነው የመጣሁት" አለች።

ደቻሳ የፈረሱን ግንባር ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው መሰለ። እጁን አሳረፈበት። "እሺ፣ ቦራ" አለ፣ ለእኛ ሳይሆን ለፈረሱ። ዶክተር ፈይሳም ለቦራ ጤና ይስጥልኝ ብሎ፣ የአንገቱን ቆዳ ቆንጠር አድርጎ ወጋው።

በሁለቱ ሳምንታት ደቻሳ ቤት ሦስት ጊዜ ሄድኩ። ሥራ የለመደ ሰው ስለሆነ መቀመጥ አልቻለም፤ ቦራን ጠዋት ይቦርሸዋል፣ ከሰዓት ይቦርሸዋል። ነጂዎቹ አመሻሽ ላይ እየመጡ ይቀመጣሉ፤ ብርቄ ንፍሮ ታቀርባለች፤ አንድ ጭብጥ ደግሞ ጨው ሳይነካው ለቦራ ይሰጠዋል። ንፍሮውን ፈረሱ እንዲቀምስ ያደረገው ማን እንደሆነ አላስታውስም፤ ከዚያ በኋላ ግን ደንብ ሆኖ ቀረ።

ኅዳር ደረሰ። በኅዳር ሚካኤል ጠዋት ክሊኒኩን ገና ሳልከፍት ደቻሳ ባዶ እግሩን እየሮጠ መጣ። "ሲስተር፣ ቦራ ያስለዋል" አለኝ። ከዶክተር ፈይሳ ጋር ሄድን፤ መንገዱ ሁሉ ጭስ ነው። እኔ በልቤ ያለፈውን ዓመት እያየሁ ነበር። ዶክተር ፈይሳ ደርሶ "ቦራ" ብሎ ጠራና ወደ እኔ ዞሮ "አንቺ እዪው" አለኝ።

አውራ ጣቴን ከዓይኑ በላይ አሳረፍኩ። ጠለቀ። በሌላውም ዓይን ሞከርኩ፤ ጠለቀ። ትኩሳት የለውም፣ አረፋ የለውም። ዞር ብለን ስናይ ከአጥሩ ወዲያ ጎረቤት የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ጨምሮ እያጨሰ ነው፤ እኛም ሁላችን ከፈረሱ እኩል እያሳልን ነው። ዶክተር ፈይሳ ያን ቀን ሳቀ፤ ጥርሶቹን ያየሁት ያኔ ነው። ቦራን ነፋስ ጭሱን ወደማያመጣበት ሜዳ ወሰድነው፤ ሳሉም ተወው። ደቻሳ ግን ከሜዳው ዳር ተቀምጦ ለዳማ ያላወጣውን እንባ ሁሉ አወጣው። ማንም አላባበለውም፤ ደስ የሚል ለቅሶ ነበር። በዚያ ዓመት ከአየር ጤና ተራ አንድም ፈረስ አልሞተም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዘመን ሁሉም ያውቀዋል። አስፋልት ገባ፣ ባጃጅ መጣ፣ ጋሪው ቀረ። በእኛም በር ፈረስ እየቀነሰ ውሻና ድመት በዛ። አንዲት ወይዘሮ ከዘነበወርቅ ድመቷን በፎጣ ጠቅልላ አምጥታ "ግፊቷን ለኩልኝ" ያለችኝ ቀን ዘመኑ እንደተለወጠ ገባኝ። ዶክተር ፈይሳ ጡረታ ወጣ፤ ዕድሜውን ሙሉ "ድመት እንግዳ እንጂ እንስሳ አይደለም" ሲል የኖረ ሰው አሁን አራት ድመት አለው። በእሱ ቦታ ዶክተር ሊዲያ መጣች፤ ወጣት፣ ፈጣን፣ የክትባት ቀን በቴሌግራም የምታስታውስ። እሷ የድመት ደም መውሰድ አስተማረችኝ፣ እኔም ማዳመጫ በብብት ማሞቅ አስተማርኳት፤ በደንብ ተግባባን። የእኔም ተራ ደረሰና፣ ወረቀቱን ከቢሮ ቢሮ አዙሬ፣ ወጣሁ።

በዚህ ግንቦት ዶክተር ሊዲያ ደወለችልኝ። "እትዬ አስቴር፣ የፈረስ ክትባት መጥቷል። ጋሽ ደቻሳ ሲስተር ካልመጣች አላስወጋም አሉኝ" አለች።

ማክስ የነከሰኝ ባት እየጠዘጠዘኝ ሄድኩ። የደቻሳ ቤት ከአዳዲሶቹ ኮንዶሚኒየሞች ጀርባ ዛሬም አለ። በሩ ላይ ባጃጆች ተደርድረዋል። ወልዴ አሁን የባጃጅ ተራ አስከባሪ ነው፤ ያረጀው ፀጉሩ እንጂ ድምፁ አይደለም። የድሮዎቹ ነጂዎች ከነልጆቻቸው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል፤ ዶክተር ፈይሳም ከዘራውን ይዞ መኻላቸው አለ። ከዚያ ሁሉ ፈረስ የቀረው ቦራ ብቻ ነው። ጋሪ ካየ ስንት ዓመቱ፤ ሥራው ሳር መጋጥና መታሸት ነው።

"ሥራ የሌለው ፈረስ ከምንድነው የሚያርፈው?" አለች ዶክተር ሊዲያ እየሳቀች።

"ደንብ ነው፣ ዶክተር" አላት ወልዴ።

ደቻሳ ግን አልሳቀም። ወደ ጥግ ወሰደኝና፣ "ከስቷል። ከዓይኑ በላይ ያለው ቦታ ተለውጦብኛል። እውነቱን ንገሪኝ፣ ለኅዳር ይደርስልኛል?" አለኝ።

በትከሻው በኩል፣ እያወራሁ ቀረብኩ። "ቦራ" አልኩት። ማዳመጫውን ከብብቴ አውጥቼ ልቡን ሰማሁ፤ ቀስ ብሎ፣ ደህና አድርጎ ይመታል። ከዚያ አውራ ጣቴን አሳረፍኩ። እንደ ድሮው አይደለም፤ እስከ አንጓው ድረስ ገባ። ጎድጓዳው የሠፋው በዕድሜ ነው።

"አርጅቷል፣ ደቻሳ። እንደ እኔና እንደ አንተ። አልታመመም። ለኅዳር ይደርሳል" አልኩት። እጁን በቦራ ግንባር ነጭ ላይ አሳረፈና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ወጋሁት፤ ቦራ ጆሮውን እንኳ አላንቀሳቀሰም።

ተቀምጠን ንፍሮ ስንቆረጥም፣ ከኮንዶሚኒየሙ በኩል አንዲት የማናውቃቸው እናት የተሰበሰበውን ሰው አይተው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው በሩ ላይ ቆሙ። "እግዜር ያጽናችሁ። ማን ሞቶባችሁ ነው?" አሉ።

ያኔ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞር የነበረችው ብርቄ ሳህኑን እንደያዘች ተነሣች። "የሞተ የለም፣ እናቴ። ይግቡ" አለቻቸው።

እናትየው ግራ ገብቷቸው እኛን አዩ፣ ከደቻሳ መዳፍ ንፍሮ የሚበላውን ሽማግሌ ፈረስ አዩ። ነጠላቸውን ከራሳቸው አውርደው አጠገቤ ተቀመጡና ብርቄ ዘገነችላቸው።